ሽሮ በሴይቼንቶ

ባለፈው ጥር የሥራ ባልደረባዬ ሰሚት ውስጥ ልጁን ሲድር ሙሽሮቹ በሴይቼንቶ መጡ። ያቺ የጣሊያን ሥሪት ትንሽ መኪና፣ የድሮዋ ታክሲያችን፣ እንደ ጥንቱ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ ኒኬሏ ተወልውሎ፣ በአበባና በሪባን ተሸልማ ነበር። ሙሽራይቱ ቬሎዋን ሰብስባ በዚያች ጠባብ በር እስክትወጣ ድረስ ሚዜዎቹ ላብ በላብ ሆኑ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ከመኪናዋ ፊት ሲሰለፉ እኔ ወደ ኋላዋ ዞርኩና ጎንበስ ብዬ አሸተትኳት።

የመኪናዋ ባለቤት ደንግጦ መጣ። «ምነው እትዬ፣ ቤንዚን ታፈሳለች እንዴ?» አለኝ።

«የለም፤ ድንች ድንች ትሸት እንደሆነ ብዬ ነው» አልኩት።

ሰውየው እኔ ራቅ እስክል ድረስ ከአጠገቧ አልተነቃነቀም። እውነቱን ለመናገር አዲስ ቀለምና ሽቶ እንጂ ሌላ ነገር አትሸትም ነበር። ለእኔ ግን ሴይቼንቶ ማለት የጋለ ዘይት፣ ትንሽ ቤንዚንና ከነልጣጩ የተጠበሰ ድንች ናት። ልጅ ሆኜ ሴይቼንቶዎች ሁሉ ምድጃቸውን ይዘው ከፋብሪካ የሚወጡ ይመስለኝ ነበር። እንዲያ የመሰለኝም ያለ ምክንያት አይደለም።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረንም። የምንኖረው ጉርድ ሾላ ነበር። ከእኛ ቤት ወዲያ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ገብስና ሽምብራ እንጂ ከተማ አልነበረም። ዛሬ ሙሽሮቹ ኬክ የቆረሱበት ቦታ ያኔ በበሬ ይታረስ ነበር። አባቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ስለሆነ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ኢሉባቦር ነው የሚከርመው። እናቴ አልማዝ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ቤት ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

አያቴ፣ የእማዬ አባት፣ እኛ ጋ ሊኖሩ የመጡት በዚያ ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ስማቸው ተሰማ ነው፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን ተሰማ ትሬንታ በሚለው ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በትሬንታ ኳትሮ ላይ ነዋ። ትሬንታ ኳትሮ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ አፍንጫው የረዘመ የጭነት መኪና ነው። ዳገት ላይ እግረኛ ይቀድመዋል፤ ነገር ግን መድረሱ አይቀርም። አባባ በዚያ መኪና ከአሰብ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ጭነት ሲያመላልሱ ኖሩና ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መንዳቱን ተዉ። ሴት አያቴ ከሞቱ ቆይተው ነበር። ስለዚህ አባባ አንድ የቆዳ ሻንጣና አንድ ካፖርት፣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ደግሞ አንድ ማንኪያ ይዘው መጡ።

መጡና መብላት ተዉ።

አይቆጡም፣ አያማርሩም። ትሪው ሲቀርብ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ይባርካሉ፣ አንድ ጉርሻ ያህል ያነሱና «ተመስገን፣ ጠገብኩ» ይላሉ። እማዬ ዶሮ ሠራችላቸው። ዱለት ሠራችላቸው። ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ያመጣችውን ፓስታ ቲማቲም አድርጋ ሠራችላቸው። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» እያሉ ይመርቋታል እንጂ አይበሉላትም። ማታ ማታ «አባባ፣ እውነት አይራብዎትም?» ትላቸዋለች። «አይ ልጄ፣ ረሀብ የሚባል ነገር ጠፍቶብኛል» ይሏታል። ገና ኅዳር ሳይገባ ካፖርቱ ከላያቸው ላይ የሰው ካፖርት መሰለ።

ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ መሰለኝ። በዚያን ጊዜ ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም በቤተሰብ ቁጥር ከቀበሌ የሚታደል ነበር። አባባ ደግሞ አዲስ ስለመጡ ገና አልተመዘገቡም። ስለዚህ ድርሻ የላቸውም፤ ድርሻ ስለሌላቸው አፍረው ነው የማይበሉት ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ጠጋ አልኳቸውና «አባባ፣ የእኔን ድርሻ ልስጥዎት? እኔ ስኳሩ ብቻ ይበቃኛል» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አይደለም የእኔ እመቤት» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የበላሁት ስደርስ ነው። ኮምቦልቻ ስደርስ እበላለሁ፤ ደብረ ሲና ስደርስ እበላለሁ። አሁን የት ደረስኩ ብዬ ልብላ?»

ይህንን ለእማዬ ስነግራት ያስቃታል ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «አባባን ደብረ ሲና እንውሰዳቸዋ» ስላት ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች።

ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው። ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ከመገናኛ በኮተቤ በኩል ካራ ድረስ የሚሠራ ባለ ሴይቼንቶ። የሴይቼንቶ ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ ዳገት ላይ ስለሚግል ጋሽ ሸምሱ የኋላ ኮፈኗን በእንጨት ደግፎ ገርበብ አድርጎ ነው የሚነዳት። ከኋላ ሲያዩዋት አፏን ከፍታ የምትሮጥ ትመስላለች። አራት ሰው ትጭናለች፤ አምስተኛ ከተጨመረ የኮተቤ ዳገት ላይ ከአምስቱ ሁለቱ ወርደው ይገፋሉ። የሚገፉትም በሥነ ሥርዓት ተራ ጠብቀው ነው። ባለቤቱ እትዬ ዘይነባና እማዬ በአንድ አጥር የሚያወሩ ወዳጆች ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሸምሱ አባባን፣ እማዬንና እኔን ኮተቤ ያለ ክሊኒክ አደረሰን። ሐኪሙ አባባን አገላብጦ አየና በሽታ የለባቸውም አለ። ከዚያ እማዬን ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት። እማዬ ስትወጣ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ይዛ ነበር። በኋላ ለእትዬ ዘይነባ ስትነግራት እንደሰማሁት፣ ሐኪሙ ያላት እንዲህ ከቀጠሉ ክረምቱን አያልፉትም ነው።

ወደ መኪናዋ ስንመለስ ጋሽ ሸምሱ ከኋላ ጎንበስ ብሎ በፒንሳ አንድ ነገር ከሞተሩ ሥር እየጎተተ ነው። የወጣው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በሽቦ የታሰረ ጥቅል ነበር። ፈታው። ሁለት ድንቾች፣ ቆዳቸው ተሸብሽቦ፣ እንፋሎታቸው እየወጣ ታዩ። አባባ በአንድ እግራቸው መኪናዋ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ቆም አሉና ወጡ።

«አንተ ሸምሱ፣ ምንድን ነው የሸተተኝ?»

«ምሳዬ ነው አባባ። ላምባ ከጠፋ ወዲህ ዘይነባ ጥሬውን ጠቅልላ ትሰጠኛለች። ከጉርድ ሾላ ኮተቤ ስደርስ ይደርሳል።»

«የት ላይ ነው ያደረግኸው?»

«ራዲያተሩ ጎን።»

«እዚያማ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም» አሉ አባባ። «የጭስ ማውጫው አንገት ላይ ነው የሚደረገው። እኛ አዋሽን ስንሻገር የሠካነው፣ ሚሌ ሳንደርስ ይበስል ነበር።» ይህንን እያሉ እጃቸውን ዘርግተዋል። ጋሽ ሸምሱ አንዱን ድንች በጋዜጣ ይዞ ሰጣቸው፤ ጨውም ከደረት ኪሱ አውጥቶ ነሰነሰላቸው። አባባ ቆመው፣ መኪናዋን ተደግፈው፣ እስከ ልጣጩ በሉት።

እማዬ ወደ ዳገቱ አቅጣጫ ዞራ ቆማ ነበር። እኔንም ክንዴን ይዛ አዞረችኝ። እያየናቸው መሆኑን ካወቁ ያቆሙ መስሏት ነው።

ከሰኞ ጀምሮ የአባባ ምሳ በሴይቼንቶ ይሄድ ጀመር። እማዬ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ጥሬውን ታዘጋጃለች፤ ጋሽ ሸምሱ ይሠካል፤ ቀትር ላይ ሲመለስ በራችን ላይ ሁለቴ ክላክስ ይነፋል። አባባ ከውስጥ ሆነው የሞተሩን ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ይለዩታል። ብዙ አይበሉም፤ አንድ ድንች፣ ቢበዛ አንድ ተኩል። የቀረውን የምጨርሰው እኔ ነኝ። ይሁንና እማዬ ማታ ስትገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስንት በሉ?» ነበር።

ወር ሳይሞላ የሰፈሩ ሁሉ ጨዋታ ሆነ። አባባ በጭስ ማውጫው አንገት ላይ ምን እንደሚሆንና ምን እንደማይሆን ያውቁ ነበር፤ የማያውቁትን ደግሞ ሞከርነው። እንቁላል ላምበረት ሳይደርስ ፈንድቶ ሞተሩን እንደ ገንፎ ለወሰው። ፓስታ በጣሳ ተቀቅሎ ሲመጣ የጣሳውን ቅርጽ ይዞ ወጣ፤ በቢላ ቆርጠን በላነው። ቆሎ ለመቁላት ሞክረን ገብሱ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ አስፋልቱ ላይ ተዘራ። ቀበሌ ሱቅ የመጣ፣ ማንም የማያነበው ፊደል ያለበት የዓሣ ቆርቆሮ ነበር፤ ሲሞቅ ሽታው ተሳፋሪውን ሁሉ በመስኮት አንገቱን እንዲያወጣ አደረገው። ስኳር ድንችና ዱባ ግን ግሩም ሆኑ። ከሁሉ የበለጠው ሽሮ ነው። በዱቄት ወተት ባዶ ጣሳ ይበጠበጣል፣ ክዳኑ በትንሹ ይበሳል፣ ጣሳው በሽቦ ይታሰራል፤ የመንገዱ ጉድጓድ ራሱ ያማስለዋል።

ምግቡ የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በመንገድ ነበር። ድንች ካራ ደርሶ መልስ ነው። ሽሮ መገናኛ ኮተቤ። ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ኮንትራት ከተገኘ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሞተሩ አይግልም፤ የዚያን ቀን ምሳ ጥሬ ይመጣል። ትምህርት ቤት መምህራችን ስለ ሙቀት ሲያስተምሩን «ድንች ለመብሰል ምን ያህል ይፈጃል?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁና «ካራ ደርሶ መልስ» አልኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። መምህሩ ግን የሚመላለሱት በጋሽ ሸምሱ ታክሲ ስለነበር ትንሽ አሰቡና «ሰው ካልበዛ» ብለው አረሙኝ።

ተሳፋሪዎቹም ለመዱት። ሲገቡ «ዛሬ ምንድን ነው?» ይላሉ እንጂ ስለ ዋጋ አይጨቃጨቁም። አንዲት ሴትዮ የራሷን በቆሎ እየጠቀለለች «ከአባባው ጎን ሥፍራ ካለ» ብላ ትሰጠው ነበር።

አንድ ነገር ግን እማዬን ያስጨንቃት ነበር። የእስላም ሥጋ የበሰለበት ዕቃ ለእኛ፣ የክርስቲያን ሥጋ የበሰለበትም ለእነሱ እንደማይሆን ሁለቱም ቤት ያውቃል፤ ተቀያይመንበትም አናውቅም። ሞተር ግን ዕቃ ነው ወይስ አይደለም? ይህንን ማንን ይጠይቁታል? እማዬ አንድ ማታ አጥሩ ላይ ሆና እያፈረች አነሳችው።

እትዬ ዘይነባ ሳቀች። «እኔም እኮ ስለ እናንተ ጣሳ ይህንኑ ሳስብ ነበር፤ አፍሬ ነው ያልጠየቅኩሽ» አለቻት። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞተሩ ላይ ሥጋ የሚባል አይወጣም። እሱ እንደሆነ ሥጋ በልቶ ሲነዳ እንቅልፍ ይጥለዋል።» በማግስቱ ጠዋት እጅጌዋን ሰብስባ የጭስ ማውጫውን አንገት በአመድና በሎሚ ፈትጋ አጠበችው። አባባ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው በጆሯቸው ይከታተላሉ። «ይኸው ሞተር በሎሚ ሲታጠብም ደረስን» አሉ።

እኔም ዕድሉን አገኘሁና ሲያሳስበኝ የነበረውን ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ሴይቼንቶዋ ራሷ እስላም ናት ክርስቲያን?»

«ጣሊያን ናት» አሉ አባባ። «የእሷን ነገር የሮማው ጳጳስ ያውቃሉ።»

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አባባ እጾማለሁ አሉ። እማዬ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው፤ ሽማግሌና በሽተኛ አይገደድም አለቻቸው። «ስንቱን ሁዳዴ መንገድ ላይ ገድፌዋለሁ፤ አሁን ሥራ ፈትቼ እንኳን ልጹመው» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ ጣሳው የሚመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነ። ከጥቂት ማንኪያ በላይ የማይበሉ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ ማየት ለእማዬ ሥቃይ ነበር። በዕቃ ማጠቢያው ላይ እንዳጎነበሰች ለብቻዋ ስታወራ እሰማት ነበር፤ ከማን ጋር እንደምትነጋገር ስላላወቅኩ እኔም አንዳንዴ «አቤት» እላታለሁ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሳያልቅ ረመዳን ገባ። ጋሽ ሸምሱ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውሃ እንኳን አይቀምስም፤ ጣሳውን ግን ማምጣቱን አላቋረጠም። ይህ ነገር ለማናችንም አልታየንም። ምሳው ይመጣል፣ ክላክሱ ይነፋል፣ በቃ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባባ ጋቢና ተቀምጠው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ካራ ድረስ ድንች ልንገዛ እንሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ እንዲሁ እየሄድን ነው፤ አጠገቤ ለገበያ የሚወጡ ሁለት ነጋዴ ሴቶች አሉ። ካራ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂው ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ ይበልጣል። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ ከኋላ ሲደርስ ቆመ። ኮፈኑ ሥር በሽቦ የተጠፈረ ቆርቆሮ ቲስ ቲስ ይላል።

«ሁላችሁም ውረዱ» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ከአባባ በቀር ወረድን። ያ ዘመን ደግሞ በሽቦ የታሰረ ቆርቆሮ ሲያዩ የሚሳቅበት አልነበረም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሽሮ ነው» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«ሽሮ በሽቦ ይታሰራል?»

«ካልታሰረ ይደፋል።»

«እውነቱን ነው፣ ሁልጊዜ እንሸተዋለን» አለች አንደኛዋ ነጋዴ።

ልጁ ጣሳውን አየ፣ ጋሽ ሸምሱን አየ። «ሽሮ ከሆነ ቅመሰው» አለው።

ጋሽ ሸምሱ አልተንቀሳቀሰም። «ጾመኛ ነኝ» አለ።

ባይለው ይሻል ነበር። ልጁ አንገቱ ላይ ማተብ አለው፤ በዚያ ሰሞን እናቱ ቤት ከሽሮ በስተቀር የሚበላ ነገር እንደሌለ ግልጽ ነው። «ጾመኛ ስለሆንክ ሽሮ አትበላም? ታዲያ ምን ልትበላ ነው፣ ክትፎ?» አለና ወደ ኋላ ተራምዶ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ጋሽ ሸምሱ፣ ያ ቀኑን ሙሉ የሚቀልድ ሰው፣ ረመዳን የምትለው አንዲት ቃል ጠፍታበት ቆመ። እኔ የነጋዴዋን ቀሚስ ይዤ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

አባባ ከጋቢና በዳበሳ ወረዱ። «ልጄ፣ ሰውየው እስላም ነው፤ ረመዳን ይዟል» አሉ። «ሽሮው የእኔ ነው። አውርዱልኝ።»

«እርስዎ ይቅመሱት እንግዲያው።»

ጋሽ ሸምሱ ሽቦውን ፈታና ጣሳውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠላቸው። አባባ አማተቡ፤ ካፖርታቸው ኪስ ገቡና ማንኪያቸውን አወጡ። ቀመሱ። ልጁ «ይበቃል አባቴ» አላቸው። አልሰሙትም። ነጋዴዋ ከዘንቢሏ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው፤ በዳቦ ቀጠሉ። እንዳይጠራጠር ብለው እንደሆነ እንጃ፣ ጣሳውን እስኪጮህ ድረስ ጠረጉት። ከዚያ ባዶውን ለልጁ አሳዩትና «ጨው ያንሰዋል፤ ሌላ ወንጀል የለበትም» አሉት።

ልጁ ሳቀ። ሲስቅ ይበልጥ ልጅ ሆነ። ሊለቀን ሲል እንኳን ጎንበስ ብሎ የጭስ ማውጫውን አንገት አየና «ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ብሎ ጠየቀ። «ከመገናኛ እዚህ» አልኩት እኔ።

መኪናዋ ውስጥ ገብተን ጉዟችንን ቀጠልን። ከዚያ አባባ «አንተ ሸምሱ» አሉ።

«አቤት አባባ።»

«ቀኑን ሙሉ፣ ውሃ ሳትቀምስ፣ ይህንን ሽታ ከጀርባህ ይዘህ ነው የምትውለው?»

«ሽታ ጾም አያስፈታም አባባ። እርስዎ ይብሉ እንጂ እኔ ምን እሆናለሁ።»

«እኔ በትሬንታ ኳትሮ ስንት ረዳት አሳድጌያለሁ። አንዱም ሳይበላ በልቼ አላውቅም» አሉ አባባ። «አላሰብኩትም። አላየሁህም። ከዛሬ ጀምሮ ከአንተ በፊት አልበላም።»

ጋሽ ሸምሱ ሊከራከር ሞከረ። አባባ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እማዬ ይህንን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «እስከ መግሪብ? እስከ ማታ? ጭራሽ ሊሞቱብኝ ነው» አለች። አጥሩ ጋ ሄዳ ለእትዬ ዘይነባ ነገረቻት፤ ባሏን እንድትመክርላት፣ ባሏ ደግሞ አባባን እንዲመክርላት። እትዬ ዘይነባ አዳመጠቻትና «የሽማግሌ ቃል እንዴት ይመለሳል? ይልቅ ሳምቡሳውን በሥጋ ፋንታ በምስር አደርገዋለሁ፤ አንድ ላይ ይብሉ» አለቻት።

በማግስቱ እሑድ ነው። አባባ ከቅዳሴ መልስ ምንም አልቀመሱም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ አሥር ሰዓት አለፈ። በርጩማቸውን በሩ ላይ አውጥተው በመንገዱ በኩል ጆሯቸውን አዘንብለው ተቀመጡ። መኪና በመጣ ቁጥር ቀና ይላሉ። «ይሄ ቮልስ ነው» ይላሉ። «ይሄ የመንግሥት ላንድሮቨር ነው።» «ይሄ ደግሞ ካንዴላው የቆሸሸ ነው፤ የእኛ አይደለም።» ፀሐይዋ ወደ መገናኛ አዘነበለች። ከእትዬ ዘይነባ ቤት የሳምቡሳው ሽታ ይመጣል። አባባ እግራቸውን አነባበሩ፣ መልሰው ዘረጉ። ማንኪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በካፖርታቸው ጫፍ ወለወሉ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ሂጂና እናትሽን ይሄ ሰውዬ የት ቀረ በያት።»

«ምነው አባባ?»

«ምነው ትለኛለች እንዴ። ራበኝ።»

ሮጬ ገባሁ። እማዬ ልብስ እየተኮሰች ነበር። «አባባ ራበኝ አሉ» አልኳት። ካውያውን ከሸሚዙ ላይ ሳታነሳ «ምን አሉ?» አለች። ደገምኩላት። ሸሚዙ መሽተት ሲጀምር ነው ካውያውን ያነሳችው። በባዶ እግሯ ወጣችና ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ምን አሉኝ?»

«ራበኝ አልኩ። እናንተ ቤት ሰው ሲርበው አይሰማም እንዴ? አንጀቴ ተጣበቀ እኮ። ሸምሱ ዛሬ ምን ነካው?»

እማዬ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እጇን ስታወርድ ግን እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም አልቆመም። እኔ አሁን ሮጣ ዳቦ ታመጣላቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ስድስት ወር ሙሉ ብሉልኝ ብላ የለመነች እሷ አይደለችም? አላመጣችም። ጉልበታቸውን ይዛ፣ ሕፃን የምታባብል በሚመስል ድምፅ፣ «እሰይ አባባዬ፣ ግድ የለም፣ ትንሽ ይራብዎት» አለቻቸው።

እኔ ምንም አልገባኝም። የገዛ አባቷን ይራብዎት ትላለች ብዬ በጣም ተቀየምኳት፤ ጋሽ ሸምሱ መጥቶ፣ ትሪው ቀርቦ፣ አባባ ሦስተኛውን ሳምቡሳ ሲያነሱ እንኳን ገና እንዳኮረፍኳት ነበር።